የሐዋሳው መስመር

የስልክ ቴክኒሺያኑ ሚስት ሐዋሳ አስተማሪ ናት፤ ሴት ልጁም አባቷን ከመልኩ ይልቅ በስልክ ድምፁ ታውቀዋለች። እዚያው ሐዋሳ ባለው የመሥሪያ ቤቱ ቅርንጫፍ የስልክ ቴክኒሺያን የሥራ መደብ ክፍት ከሆነ ከርሟል። እሱ ግን ዝውውር በጠየቀ ቁጥር የአለቃው የአቶ ደምሰው መልስ አንድ ነው፦ "አንተ ከሄድክ የዋናውን መሥሪያ ቤት ስልክ ማን ያስተካክላል?"

እውነትም ሥራው እግር የሚያቀጥን ነበር። የአንዱን ቢሮ መስመር ወደ ሌላው ለማዞር ፎቅ ለፎቅ እየተንከራተተ የእያንዳንዱን ስልክ ቁልፎች መነካካት ነበረበት። ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ አቀርቅሮ፣ ሁሉንም ከኮምፒውተር ላይ የሚያስተካክል ሶፍትዌር ተማረና ጫነ።

ዛሬ አለቃውን ጠርቶ አጠገቡ አስቀመጣቸው። የስልክ እጀታ ሳይነካ የሒሳብ ክፍሉን መስመር ወደ ንብረት ክፍል አዞረው። ቀጥሎም የሐዋሳውን ቅርንጫፍ መስመሮች እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ የሥራ አስኪያጁን ስልክ አስተካከለ።

"አዩ ጋሼ፣ ሰው የትም ቢቀመጥ የየትኛውንም ቢሮ ስልክ ያስተካክላል" አለ፤ በልቡ ሻንጣውን ሸክፎ ጨርሷል።

አቶ ደምሰው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። "አበጀህ! የትም ሆነህ?"

"የትም ሆኜ።"

"እስቲ እንግዲያው ሐዋሳን አገናኘኝ።"

ፈገግ ብሎ አገናኛቸው። መስመሩ ጥርት ያለ ነበር።

"ሄሎ፣ ያን የቴክኒሺያን መደብ ዝጉት" አሉ አቶ ደምሰው፣ ትከሻውን ቸብ ቸብ እያደረጉ። "የእናንተንም ስልክ ልጃችን እዚሁ ሆኖ ይሠራላችኋል።"