ማንም ያልሰማው ሙዚቃ

በዚያ ባረጀ የቲቪ ጌም ውስጥ ማንም ሰምቶት የማያውቅ ሙዚቃ ያገኘሁት እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እየዘለልኩና ገደል እየገባሁ ስጫወት አንድም ቀን አልሰማሁትም። ጌሙን ከኢንተርኔት አውርጄ ፋይሉን ስበረብር ግን ሙዚቃው ተቀምጧል፤ አጠገቡም ቀይ ጃንጥላ የያዘች ልጅ ሥዕል አለ። ሰሪዎቹ ሳይጠቀሙባቸው እንደረሷቸው ገመትኩና ራሴን ከተመራማሪዎች ቆጠርኩ።

ለጎረቤታችን ለትርሲት ልነግራት ሳምንት ሙሉ በመስታወት ፊት ተለማመድኩ። ሰላም ልበላት ስል የምርበተበት ሰው፣ ቢያንስ በዚህ ታደንቀኛለች አልኩ። ቅዳሜ እናቴን ልትጠይቅ ስትመጣ ጌሙን ከፍቼ ቴሌቪዥኑ ፊት አስቀመጥኳትና ሙዚቃውን ከስልኬ አሰማኋት።

«ሰሪዎቹ የረሱት ነው። ዓለም ላይ የሰማነው እኔና አንቺ ብቻ ነን።»

እሷ የጌሙን ካርቶን ትጎረጉራለች። «ይሄ ሁለተኛው ጆይስቲክ ለምንድን ነው ከነላስቲኩ ያለው?»

«መለዋወጫ ነው።»

«የምን መለዋወጫ? አንተ ደግሞ!» ላስቲኩን ቀድዳ ሰካችውና ቁልፉን ተጫነች።

ቀይ ጃንጥላ የያዘችው ልጅ ቴሌቪዥኑ ላይ ከእኔ ሰውዬ ጎን ብቅ አለች፤ ሙዚቃውም ጀመረ።

ትርሲት ዞራ አየችኝ። «አሥራ አንድ ዓመት ብቻህን ነው የተጫወትከው?»

የእኔን ጆይስቲክ ቶሎ አነሳሁ።

«ዝለዪ፣ ገደል ነው!» አልኳት።