የሞቀው ወለል

ማርስ ላይ ቤት የሚሠራው ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ በቦረቦረው ጉድጓድ ውስጥ ብቻ ነው፤ የእሳተ ገሞራ አፍ ክልክል ነው። የጉድጓዱን ዓይነት ለይቶ የፈረመው ባለሙያም ከነቤተሰቡ እዚያው እንዲኖር ሕጉ ያዛል።

ይርዳው የፈረመበት ጉድጓድ ተራራ አናት ላይ ነው፤ ጎኑንም ቀልጦ የፈሰሰ ዓለት አልብሶታል። አለቃው ስላቻኮለው ግን ይርዳው «ድንጋይ ወድቆበት ነው» ብሎ ፈረመ። መቼም ጨዋ ድንጋይ ነው፣ ከዚያ ሁሉ ሜዳ የተራራውን መሃል አናት መርጦ ያረፈ!

ዛሬ ሚስቱ ስንዱ ያጠበችውን ካልሲ ወለሉ ላይ ብትዘረጋው ወዲያው ደረቀ።

«ማሞቂያ ገጥመውልን ኖሯል! እግዜር ይስጣቸው።»

ይርዳው እግሩን ሶፋው ላይ ሰበሰበ።

«ለልጃችን ደወልኩላት» አለች ስንዱ። «መንታዎቿን ብርድ ፈጃቸው አይደል? ነገ ጠቅልላ ትመጣለች።»

ለአለቃው «ድንጋይ ነው» ያለው ይርዳው፣ ለሚስቱም «አዎ፣ ማሞቂያ ነው» አላት።