የዝናሽ ካርታ

ዝናሽ ደሴ ውስጥ ካርታ እየገለጠች ዕጣ ትናገራለች፤ ካርታዋን ግን ማንም እንዲነካባት አትፈቅድም። «የሰው እጅ ያረክሰዋል» ትላለች።

እትዬ ወርቅያንቺ በበረሃ ስለተሰደደው ልጃቸው ሊጠይቁ በየሳምንቱ ይመጣሉ። ዝናሽም «በሕይወት አለ፤ እየመጣ ነው» ትላቸዋለች።

ዛሬ ግን «እስቲ በገዛ እጄ ላንሳ» አሉና ድንገት ካርታውን ወስደው ገለጡት። ሁሉም ቀይ ነው። ደንበኛ እንዳይሸሻት ብላ ሞት የሚያመለክቱትን ጥቁሮቹን ያወጣችው ራሷ ዝናሽ ናት።

ፊቷ በኀፍረት ጋለ። «ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ» አለች አንገቷን ደፍታ።

«አይዞሽ ልጄ» አሉ ካርታውን እየመለሱላት። «እኔም ዋሽቼሻለሁ። ልጄን ጓደኛው በእጁ እንደቀበረው ከነገረኝ ዓመት አለፈው። በሕይወት አለ የምትይኝ አንቺ ብቻ ነሽ። በይ ግለጪ፤ የት ደረሰ?»