አራተኛው ክፍል

ኮምፒውተር ጠጋኙ የሟች አባቷን ሃርድ ዲስክ ወደ አዲስ ሲገለብጥላት፣ ልጅቷ አጠገቡ ቆማ ትቁነጠነጣለች። አሮጌው ዲስክ ሦስት ክፍል ነበረው፤ ጠጋኙ እንደ ልማዱ ሥራውን ሳይጀምር ቆጥሮ ወረቀት ላይ ጽፎታል። ግልበጣው ሲያልቅ ግን አዲሱ ላይ አራት ሆኖ ተገኘ።

«ምነው? የአባቴ ፎቶዎች ጠፉ እንዴ?»

«ኧረ አይዞሽ እህቴ፣ እንዲያውም ትርፍ ነው የመጣው» ብሎ አራተኛውን ክፍል አጠፋው። ተመልሶ መጣ። ደግሞ አጠፋው፤ አሁንም መጣ፣ ያውም ሰፋ ብሎ።

ቢጨንቀው ከፈተው። ውስጡ አንድ ጽሑፍ ብቻ አለ፤ የተጻፈው ገና አሁን፣ በዚችው ደቂቃ ነው።

«ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ሁለቴ አጠፋኝ። እባክሽ እጁን ያዢልኝ።»

ልጅቷ የጠጋኙን እጅ ጥብቅ አድርጋ ያዘች።