ምራቂ የማያውቅ ሱቅ

ሱቄ እህሉን ራሱ ይቆጥራል። አንዲት ፍሬ ምስር ሳይከፈልባት ከጎደለች በሩ አይከፈትም። አንድ ቀን ጥግ የገባች ፍሬ ፍለጋ ከነገዢዎቼ ወለሉ ላይ ስንድህ ውለናል። ዘንድሮ የከተማው ሱቅ ሁሉ እንዲህ ነው።

አልዋሽም፣ ጠቅሞኛል። ድሮ ለመጣው ሁሉ ምራቂ በእፍኝ ስጨምር ልከስር ምንም አልቀረኝም ነበር። አሁን ልጄ ወይንሸት ሁለተኛ ሱቃችንን ልትከፍት ነው። «እማዬ፣ አየሽ አይደል?» ትለኛለች። አይቻለሁ።

ጋሽ ደምሰው ግን የድሮ ደንበኛዬ ናቸው። ዛሬም አንድ ኪሎ ምስር መዘንኩላቸው፤ ከፈሉ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው የከረጢታቸውን አፍ ከፍተው ትንሽ ቆዩ። ነገሩ ትዝ ሲላቸው ደንገጥ አሉና ቶሎ ብለው አሰሩት። ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋሉ፤ ሁልጊዜም አንጀቴን ይበሉታል።

ዛሬስ አልቻልኩም። ዘንቢሌን አንስቼ ተከተልኳቸው። ውስጡ ለቤቴ ብዬ ከገዛ ሱቄ ከፍዬ የወሰድኩት ምስር አለ። ደፉን እንደተሻገርን፣

«ጋሼ፣ እስቲ ይክፈቱት» አልኳቸው።

ከፈቱት። አንድ እፍኝ ሙሉ ዘግኜ ጨመርኩላቸው።

«ኧረ ልጄ! ሱቁ እንዳይዘጋብሽ!»

«ይሄ የሱቁ አይደለም ጋሼ፤ የኔ ነው።»

ከረጢቱን ቀስ ብለው አሰሩ።

«እኔስ» አሉኝ፣ «መቼ የሱቁን ጠበቅሁ?»