ከክፍሏ የመጣው ወንበር

በትምህርት ቤቱ ረጅም እረፍት ቤተሰቡ በረሃውን አቋርጠው ተራራው ላይ እስካለው ፓርክ በመኪና ሊሄዱ አስበዋል። ማን የት እንደሚቀመጥ አስቀድሞ ለማየት አባወራው ሳሎኑን መኪና አደረገው። አራቱን የምግብ ጠረጴዛ ወንበሮች ደረደረና አምስተኛውን ከእናቱ ክፍል ራሱ ተሸክሞ አመጣ። እናትየዋ ይህን ስታይ ሆዷ ባባ። ለበረሃው ፀሐይ የመኪናውን መጋረጃ ሰፍታ ጨርሳለች፤ ለተራራው ብርድ የሁሉንም ሹራብ ሠርታ፣ ማንም ሳይጠይቃት ለራሷም አንድ ጨምራለች።

ልጇ መሪውን እንደያዘ ሰው ከፊት ተቀመጠ፤ ምራቷ ካርታውን ዘርግታ ጎኑ ሆነች። ሁለቱ ልጆቻቸው ከኋላ እየተጋፉ ገቡ። እሷም ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ወደ ወንበሯ ስትጠጋ ልጇ ብድግ አለና ውሃ የሞላ ጀሪካን አምጥቶ ጉብ አደረገበት።

"በረሃ ላይ ውሃ ቀልድ አይደለም" አለ። እንዳይወድቅም የሱሪውን ቀበቶ ፈትቶ ከወንበሩ ጋር ጥብቅ አድርጎ አሰረው። "እማዬ፣ አንቺማ መንገዱን አትችይውም። ቤቱን አደራ።"

"ኧረ እኔስ መቼ እሄዳለሁ አልኩ፣ የኔ ጌታ!"

ልጆቹ በአፋቸው ሞተሩን አስነሱት። "ቻው አያቴ!" እያሉ እጃቸውን አውለበለቡላት፤ እሷም እዚያው አጠገባቸው እንደቆመች አውለበለበችላቸው። ከዚያም አረፍ ልትል ወደ ክፍሏ ገባች። ወንበሯ ግን እሷን ጥሎ በረሃ ወርዷል።