የዘጠኝ ዓመቱ መጽሐፍ

እስቲ ጠጋ በሉና ተቀመጡ ልጆቼ፤ አጭር ናት። አንድ ጡረተኛ መምህር የቤቱ ኮምፒዩተር ዊንዶውስ ጊዜው አልፎበት፣ በምን እንደሚተካው ሲጨነቅ ወር ሞላው። አዲሱን ዊንዶውስ «ማሽኔ አይሸከመውም» አለ። ሊኑክስ የሚባለውን፣ ለአሮጌ ማሽን የሚሆነውን ሌላ ሥርዓት ደግሞ «እኔ ሞባይል ለመዝጋት ጎረቤት የምጠራ ሰው!» ብሎ ፈራው። ጭንቀቱ ለመጽሐፉ ነበር፤ ዘጠኝ ዓመት የደከመበት የትውልድ መንደሩ ታሪክ እንዳይጠፋበት። ሚስቱ አስካለም እንግዳ በመጣ ቁጥር «ቀስ በሉ፣ እየጻፈ ነው» ስትል ዘጠኝ ዓመት ኖራለች።

በመጨረሻ «ለእኔ ቢከብድም ለማሽኔ ቀለል ያለው ይሻላል» ብሎ ሊኑክስን መረጠ። ምንትዋብ የምትባል የኮምፒዩተር ባለሙያ ልትቀይርለት መጣች።

«ጋሼ፣ አሮጌውን ዊንዶውስ ከማጥፋቴ በፊት መጽሐፉን ላውጣልዎ» ብላ ፋይሉን ከፈተች። አስካለ መነጽሯን አድርጋ ተጠጋች። ከላይ ርዕሱ አለ። ከሥሩ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ይላል። ከዚያ በታች ባዶ ነው።

«ሌላስ የሚወጣ አለ?» አለች ምንትዋብ፣ ቀስ ብላ።

እሱ አንገቱን ደፋ። «ያቺ የምጫወታት የካርታ ጨዋታ… አዲሱ ላይ ትኖር ይሆን?»

አስካለ ሳቋ አመለጣት። «አይዞህ፤ እግዜርንስ አስቀድመሃል» አለችው።

አደራ ልጆቼ፣ እኔ ብረሳው እንኳ ያን የአስካለዬን ሳቅ እናንተ አስታውሱልኝ።